ብድር በምድር፣ በ300 ኪሎ ሜትር ፍጥነት

ኦገስት 2024፣ ሪችመንድ፣ ቨርጂኒያ። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ ታሪኩም የእነሱ ነው። የናስካር፣ ማለትም ተራ የቤት መኪና በሚመስሉ መኪኖች የሚካሄደው የአሜሪካ እሽቅድምድም፣ ውድድር ሊያልቅ የቀሩት ሁለት ኩርባዎች ብቻ ናቸው። ኦስቲን ዲለን ሁለተኛ ነው፣ ከፊቱ ጆይ ሎጋኖ አለ። ዲለን ፍሬን መያዝ ያለበት ቦታ ደርሶ አልያዘም። ሎጋኖን ከኋላ ገጨውና አሽከረከረው። ዴኒ ሃምሊን ክፍተቱን አይቶ በውስጥ በኩል ሾልኮ ሊያልፍ ሲል ደግሞ ዲለን መሪውን ወደ ግራ ጠመዘዘና የሃምሊንን መኪና ቀኝ የኋላ ጥግ መታው። ሃምሊን ግድግዳ ላይ ተላተመ። ዲለን አንደኛ ወጣ።

በዚያች ቅጽበት በዲለን ጆሮ ውስጥ የነበረው ድምፅ ኋላ ተሰማ። ናስካር ውስጥ ስፖተር የሚባል ሰው አለ። ከፍ ያለ ጣሪያ ላይ ቆሞ በሬዲዮ "ግራህ ክፍት ነው፣ ቀኝህ ላይ ሰው አለ" እያለ ለሾፌሩ ዓይን ይሆናል። ሾፌሩ ሄልሜት አጥልቆ፣ አንገቱ ታስሮ ስለሚቀመጥ ዞር ብሎ ማየት አይችልም። የሚኒባስ ረዳት አንገቱን በመስኮት አውጥቶ "ግባ ግባ፣ ያዝ!" እንደሚለው በሉት። የዲለን ስፖተር ግን ሃምሊን ሲጠጋ ያለው "ግጨው" ነው።

ሦስት ቀን ቆይቶ ናስካር ፈረደ። ድሉ የዲለን ይሁን፣ ድሉ የሚያስገኘውን የፕሌይኦፍ፣ ማለትም የዓመቱ ሻምፒዮን የሚለይባቸው የመጨረሻ ውድድሮች፣ ቦታ ግን አያገኝም አለ። 25 ነጥብም ቀነሱበት፣ ስፖተሩም ታገደ። ቡድኑ ይግባኝ ብሎ ተሸነፈ። ተበዳዩ ሎጋኖም አልዳነም። በንዴት ሰው በቆመበት ፒት (ጎማ የሚቀየርበትና ነዳጅ የሚሞላበት ቦታ) ውስጥ ጎማውን እያጨሰ ሲያሽከረክር ስለታየ 50 ሺህ ዶላር ተቀጣ።

ደጋፊው ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ "ይሄ ስቶክ ካር ነው፣ ካልተነካኩ ለምን ይወዳደራሉ?" አለ። ሌላው "ነውር ነው" አለ። እኔ ነውር ነው ከሚሉት ጋር ነኝ፣ ግን መኪና በመንካቱ አይደለም። ናስካር ውስጥ መንካት ነውር ሆኖ አያውቅም። ነውሩ ሌላ ቦታ ነው ያለው፣ እሱን ለማየት ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል።

መጀመሪያ ነገር፣ ይህ ስፖርት ከጨዋ ቤት አልተወለደም። ቢል ፍራንስ ናስካርን በ1948 ሲያቋቁም ከሰበሰባቸው ሾፌሮችና ሜካኒኮች ውስጥ ቀላል የማይባሉት በአሜሪካ ደቡብ ተራራዎች የቤት አረቄ በሌሊት ሲያመላልሱ የኖሩ ናቸው። ከውጭ ተራ የቤት መኪና የሚመስል፣ ከውስጥ ግን ሞተሩ የተነካካ፣ ፖሊስ የማይደርስበት መኪና። ስቶክ ካር የሚለው ስም ራሱ ከሱቅ እንደወጣ ያለ መኪና ማለት ነው። ዛሬ ከስሙና ከመልኩ በቀር ከሱቅ የመጣ ነገር የለውም። ከትልልቆቹ አንዱ ጁኒየር ጆንሰን በዚሁ ሥራ ታስሯል። የሚገርመው በመኪና አልተያዘም፤ የተያዘው በእግሩ፣ የአባቱ አረቄ ማውጫ ጋ ነው። ፕሬዚዳንት ሬገን ምሕረት ያደረጉለት በ1986 ነው፣ ሃምሳ ጊዜ አሸንፎ፣ መንዳቱን ካቆመ ከብዙ ዓመት በኋላ።

ስፖርቱን በመላ አሜሪካ ያስተዋወቀውም ጨዋነት አይደለም። በ1979 የናስካር ትልቁ ውድድር ዴይቶና 500 ለመጀመሪያ ጊዜ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቀጥታ በቴሌቪዥን ተላለፈ። የአገሪቱ ምሥራቃዊ ክፍል በበረዶ ተዘግቶ ሰው ቤቱ ነበር። በመጨረሻው ዙር ኬል ያርቦሮና ዶኒ አሊሰን አንደኛና ሁለተኛ ሆነው ሲፋተጉ ሁለቱም ግድግዳ ገቡ፣ ሪቻርድ ፔቲ ከኋላ መጥቶ አሸነፈ። ካሜራው ወደ ሣሩ ሲዞር ያርቦሮና የዶኒ ወንድም ቦቢ አሊሰን በቡጢ እየተባባሉ ናቸው። ያን ቀን ያየው ሰው ስለ ፔቲ ድል ከማውራቱ በፊት ስለ ቡጢው ነው የሚያወራው። ናስካርም ይህን ያውቃል። እስከ ዛሬ በአንድ እጁ ይቀጣል፣ በሌላው እጁ ቁጣውን ይሸጣል። በሜይ 2024 ሪኪ ስቴንሃውስ ካይል ቡሽን በቡጢ ሲመታው 75 ሺህ ዶላር ተቀጣ፣ ቪዲዮው ግን ለሳምንታት ሲዞር ከረመ።

እና በእንዲህ ያለ ሰፈር ጨዋነት ከየት ይመጣል?

ከብድር። በአማርኛ ይህ ቃል ሁለት ፊት አለው። ደግ የዋለልህንም ብድሩን ትመልሳለህ፣ የበደለህንም ብድሩን ትመልሳለህ። የናስካር ሾፌሮች ሥነ ምግባር ከዚህ የራቀ አይደለም። ውድድሩ በዓመት 36 ጊዜ ነው፣ ከፌብሩዋሪ እስከ ኖቬምበር፣ ሁልጊዜ እነዚያው አርባ ገደማ ሰዎች። ዛሬ የገጨኸው ሰው የሚቀጥለው እሑድ ከጎንህ ነው። ታላዴጋ በሚባለው ፈጣን መንገድ ላይ ሦስት ሦስት ሆነው ተደርድረው በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር ሲነዱ በመኪና መሃል ያለው ክፍተት አንዳንዴ የእጅ መዳፍ አይሞላም። ከጎንህ ያለው ሰው መሪውን በጣት ያህል ቢያንቀሳቅስ ሃያ መኪና ነው የሚከመረው። እዚያ "ይሄ ሰውዬ መስመሩን ይጠብቃል" ብለህ መተማመን ካልቻልክ አትነዳም። በጎ ሾፌር የሚባለው የማይነካ አይደለም፤ ምን እንደሚያደርግ የሚታወቅ ነው።

ስለዚህ መንካትም ደረጃ አለው። እንደ ማርቲንስቪልና ብሪስቶል ባሉ አጫጭር መንገዶች፣ ዙሩ ከአንድ ኪሎ ሜትር በታች በሆነበት፣ ማለፊያ የለም። እዚያ ከኋላ ያለው ወደ ኩርባው ሲገባ በፓራውልቱ የፊተኛውን ፓራውልት ቸስ ያደርገዋል። የፊተኛው ጎማ ለአፍታ ይለቃል፣ መኪናው ወደ ውጭ ይንሸራተታል፣ ገፊው በውስጥ ያልፋል። የተገፋው አንድ ወይም ሁለት ቦታ አጣ፣ ተናደደ፣ ግን እየነዳ ነው። ይህ ብድር ነው፣ በሌላ ቀን ይከፈላል። በዚህ ሾፌር አይጣላም፣ ቢጣላም ለቴሌቪዥን ነው።

ከዚህ በጣም የሚለየው ዲለን በሃምሊን ላይ ያደረገው ነው። በሞላላ መንገድ ሁሉም ወደ ግራ ነው የሚታጠፈው፣ ግድግዳው በቀኝ ነው። የአንድን መኪና ቀኝ የኋላ ጥግ ከመታኸው ኋላው ወደ ግራ ይሄዳል፣ አፍንጫው ወደ ቀኝ ይዞራል፣ በሙሉ ፍጥነት በአፍንጫው ግድግዳ ይገባል። ሾፌሩ ፍሬን የሚይዝበት ጊዜ የለም። ይህን ሁሉም ሾፌር ያውቃል። ዴል ኧርንሃርት በ2001 የሞተበትን የመጨረሻ ዙር ግጭት፣ ወይም ኩርት ቡሽ በ2022 የመነሻ ቦታ ማጣሪያ ላይ ጭንቅላቱን ተመትቶ ሙያውን ያቋረጠበትን አደጋ የሚረሳ በጋራዡ ውስጥ የለም። ለዚህ ነው ናስካር በዚህ ዓይነቱ ምት ላይ እጁን ያከበደው። በ2022 ባባ ዋላስ ላስ ቬጋስ ላይ ካይል ላርሰንን እንዲህ ሲመታ አንድ ውድድር ታገደ። በ2023 ሃምሊንን የመታው ቼዝ ኤሊየትም እንዲሁ፣ ያውም ከሾፌሮቹ ሁሉ በሕዝብ የተወደደ ሆኖ ሳለ።

ኧርንሃርት ከተነሳ ሰውዬውን ትንሽ ልቆይበት፣ ምክንያቱም ጨዋና ባለጌ ብሎ ሾፌር መክፈል የሚወድ ሰው እሱ ላይ ሲደርስ ይቸገራል። ሰባት ጊዜ ሻምፒዮን፣ 76 ድል፣ ቅጽል ስሙ አስፈራሪው። በ1999 ብሪስቶል ላይ በመጨረሻው ዙር ቴሪ ላቦንትን ከኋላ ገጭቶ አሽከርክሮት አሸነፈ። በኋላ ሲጠየቅ ሊያሽከረክረው እንዳልፈለገ፣ ትንሽ ሊያስደነግጠው ብቻ እንደነበረ ተናገረ። የራሱን ደጋፊዎች ጨምሮ ሕዝቡ ጮኸበት። ግን ይኸው ሰውዬ ዓመት ከምናምን በፊት፣ ፌብሩዋሪ 1998፣ በሃያኛ ሙከራው ዴይቶና 500ን ሲያሸንፍ የሌሎቹ ቡድኖች ሜካኒኮች በሙሉ ከፒት ወጥተው ተሰልፈው ነበር። እሱ መኪናውን በዝግታ እየነዳ እጁን በመስኮት አውጥቶ አንድ በአንድ ጨበጣቸው። ከተሰለፉት ውስጥ መኪናቸውን በስንት ሌሊት ሥራ የጠገኑት እሱ ስለገጨው የሆነ ስንት እንዳለ አስቡት። ሃያ ዓመት ሙሉ ሲሞክር አይተውታል፣ በቃ። ሒሳቡ በብዙ ዓመት ነበር የሚታሰበው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ይህ ያልተጻፈ ሕግ የሚሠራው ነገ ከዛሬ የበለጠ ዋጋ ሲኖረው ብቻ ነው።

ይህን ከሁሉ በፊት ያሳየው ቢጫ ባንዲራ ነው። ድሮ አደጋ ሲደርስ ቢጫ ባንዲራ ይወጣና ሾፌሮቹ እስከ መነሻው መስመር ድረስ መሽቀዳደም ይፈቀድላቸው ነበር። በወረቀት ተፈቅዷል፣ በተግባር ግን የጨዋ ስምምነት ነበራቸው፣ መሪው ቀዝቀዝ ይላል፣ ሌላውም አይቀድመውም። ቀስ በቀስ አንድ ሁለት ሰው ስምምነቱን መሸራረፍ ጀመረ። ሴፕቴምበር 2003 ኒው ሃምፕሸር ላይ የዴል ጃሬት መኪና ግድግዳ መትታ መንገዱ መሃል ቆመች። ሰውዬው ውስጥ ተቀምጧል፣ መኪኖቹ ደግሞ እየተሽቀዳደሙ ወደ እሱ ይመጣሉ። ማንም አልመታውም። ግን ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ናስካር ስምምነቱን ሕግ አደረገው፣ ቢጫ ሲወጣ ሁሉም ባለበት ይቆጠራል። የጨዋ ስምምነት በጽሑፍ ሕግ ሲተካ ብዙ ሰው እንደ እድገት ያየዋል። እኔ እንደ ሽንፈትም አየዋለሁ፣ አስፈላጊ ሽንፈት።

ከዚያ 2014 መጣ። ናስካር አንድ ውድድር ያሸነፈ ሾፌር በቀጥታ ማለት በሚቻል ሁኔታ ለፕሌይኦፍ ያልፋል አለ። ሐሳቡ ሰው ሁልጊዜ ለማሸነፍ እንዲነዳ ነው፣ ለነጥብ ተኝቶ እንዳይነዳ። ጥሩ ሐሳብ ይመስላል። ግን ሪችመንድ ላይ ዲለን በነጥብ 32ኛ ነበር። ዓመቱ አልቆበታል። ያቺ አንዲት ኩርባ ፕሌይኦፍ ከሚገቡት አሥራ ስድስት ሾፌሮች ውስጥ ታስገባዋለች። እንዲህ ያለ ሰው ፊት ቆመህ "ነገ ብድርህን ይመልሱልሃል" ብትለው ምን ያስፈራዋል? ነገ የለውም። ይህን የምለው ለዲለን ይቅርታ ለማድረግ አይደለም፤ ሃምሊንን ግድግዳ ለመክተት እጁን ያዞረው ሕጉ ሳይሆን እሱ ነው። ግን ሕጉ ዋጋውን ለጥፎለት ነበር።

መኪናዋም አግዛለች። ድሮ ቦዲው የብረት ላሜራ ስለነበር ሰው ስትገጭ የራስህም ፓራፋንጎ ተጣምሞ ጎማህን ይበላዋል፣ ሁለት ዙር ሳትሄድ ይፈነዳብሃል። ከ2022 ጀምሮ ያለው መኪና ቦዲው ከኮምፖዚት የተሠራ ነው። ነጥሮ ይመለሳል። መግጨት ረከሰ ማለት ነው፣ ነገሩ በርካሽ ሲገኝ ደግሞ ገዢው ይበዛል።

የብድሩ ሥርዓት እንዴት እንደሚበላሽ ከሁሉ በላይ የታየው በ2015 ይመስለኛል። ማት ኬንሰት በጋራዡ ዝምተኛ፣ ጨዋ የሚባል ሰው ነው። ኦክቶበር ላይ ካንሳስ እየመራ ሳለ ሎጋኖ ነክቶ አሽከረከረው። ሎጋኖ ቀድሞ ለሚቀጥለው የፕሌይኦፍ ደረጃ አልፏል፣ ድሉ አያስፈልገውም ነበር፣ ለኬንሰት ግን የዓመቱ ዕጣ ነው። ሎጋኖ ይቅርታ አልጠየቀም፣ ጠንካራ እሽቅድምድም ነው ብሎ አለፈው። ኬንሰት ከፕሌይኦፍ ወጣ። ሁለት ሳምንት ቆይቶ ማርቲንስቪል ላይ ኬንሰት መኪናው ተጎድቶ ብዙ ዙር ወደ ኋላ ቀርቷል፣ ሎጋኖ ይመራል። ኬንሰት ጠበቀው። ሎጋኖ ሊያልፈው ሲመጣ ይዞት ግድግዳ ገባ። ስታዲየሙ በጩኸት ተናጋ፣ የደስታ ጩኸት ነው። ኬንሰት ሁለት ውድድር ታገደ። ለእኔ ሁለቱም የብድሩን ሒሳብ ስተዋል። የመጀመሪያው የተበደረውን ክዷል፣ ሁለተኛው ደግሞ አንድ ብር ለተወሰደበት ቤት አቃጥሏል።

በዚህ ሁሉ መሃል ናስካር ራሱ ወላውሏል። በ2010 መጀመሪያ ባለሥልጣኖቹ ለሾፌሮቹ በራሳችሁ ተጫወቱ፣ ጣልቃ አንገባም የሚል መልእክት ሰጡ። ሁለት ወር ሳይሞላ አትላንታ ላይ ካርል ኤድዋርድስ ቂም ይዞበት የነበረውን ብራድ ኬሰሎውስኪን ሆን ብሎ መታው፣ የኬሰሎውስኪ መኪና በአየር ተገለባብጣ በጣሪያዋ አጥሩን መታች። ቅጣቱ ለሦስት ውድድር በዓይነ ቁራኛ መጠበቅ ብቻ ነበር። በ2023 ደግሞ ሃምሊን ፊኒክስ ላይ ሮስ ቻስቴይንን ሆን ብሎ ግድግዳ ጋ እንዳጣበቀው በራሱ ፖድካስት አምኖ ተናገረ። 50 ሺህ ዶላርና 25 ነጥብ ከፈለ። ዝም ቢል ኖሮ ማንም ባልነካው። እውነት የተናገረ ተቀጣ ብለው የሳቁ ብዙ ናቸው፣ እኔም ሳቅሁ።

ሌላ የሚያስቸግር ነገር አለ። ደግነትም ማጭበርበር ሊሆን ይችላል። በ2013 ሪችመንድ ላይ ክሊንት ቦውየር ውድድሩ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ምንም ሳይነካው ብቻውን ዞረ። ቢጫ ባንዲራ እንዲወጣና የቡድን ጓደኛው ማርቲን ትሩዌክስ ፕሌይኦፍ እንዲገባ ነው ተባለ። ቡድኑ 300 ሺህ ዶላር ተቀጣ፣ ትሩዌክስ ከዝርዝሩ ተሰረዘ፣ ትልቁ ስፖንሰርም በዓመቱ መጨረሻ ጥሏቸው ሄደ። በኖቬምበር 2024 ማርቲንስቪል ላይ ደግሞ ሁለት የሸቭሮሌት ሾፌሮች ዊልያም ባይረን ቦታ እንዳያጣ ከኋላው ያለውን መንገድ ዘጉ፣ አንድ የቶዮታ ሾፌር ደግሞ ለክሪስቶፈር ቤል ብሎ ቀዘቀዘ ተብሎ ሦስቱ ቡድኖችና ሾፌሮቻቸው በድምሩ 600 ሺህ ዶላር ተቀጡ። ለጓደኛ ውለታ መዋል ከጥንት የነበረ ነው። ግን የሻምፒዮናው ዕጣ በአንድ ቦታ ልዩነት ሲንጠለጠል ውለታ የሚባለው ነገር ከሌላ ሰው ኪስ የተከፈለ ሆነ።

ናስካር ለ2026 "አንዴ አሸንፍና ግባ" የሚለውን ሕግ አንስቶ ከዓመቱ መጀመሪያ እስከ ፕሌይኦፉ ድረስ በተሰበሰበ ነጥብ ወደ ማሳለፍ ተመልሷል። ሾፌሮች በድንገት ጻድቃን ይሆናሉ ብዬ አልጠብቅም። ነገር ግን 32ኛ ያለ ሰው በአንድ ኩርባ አሥራ ስድስቱ ውስጥ መግባት ካልቻለ፣ የሚቀጥለው እሑድ እንደገና ሊያስፈራው ይችላል።

ስለ ጠባይ ሲወራ መንገዱ ላይ ብቻ መቅረት ደግሞ አይገባም። ዴሴምበር 1፣ 1963 ጃክሰንቪል ላይ ጥቁሩ ሾፌር ዌንደል ስኮት ሁለት ዙር ቀድሞ ጨረሰ። የድሉ ባንዲራ የተውለበለበው ግን ለነጩ ባክ ቤከር ነው፣ ዋንጫውንም እሱ ወሰደ። ሕዝቡ ከሄደ በኋላ ስሕተት ነበር ተባለና ድሉ ለስኮት ተመዘገበ። ስኮት በ1990 ሞተ። ቤተሰቡ ዋንጫ የተረከበው በ2021 ነው። ከስኮት በኋላ በዚያ ደረጃ ያሸነፈ ጥቁር ሾፌር ባባ ዋላስ ነው፣ ኦክቶበር 2021፣ ታላዴጋ። ከዚያ ዓመት ከምናምን ቀደም ብሎ፣ ጁን 2020፣ እዚያው ታላዴጋ በዋላስ ጋራዥ ሰው የሚሰቀልበት ገመድ የሚመስል ነገር፣ ለጥቁር አሜሪካዊ የዘረኝነት ዛቻ የሆነ ምልክት፣ ተገኘ። በማግስቱ ሾፌሮችና ሜካኒኮች ሁሉ ተሰብስበው መኪናውን እየገፉ እስከ ሰልፉ ፊት አደረሱት፣ ሽማግሌው ፔቲም አጠገቡ ቆመ። ኤፍቢአይ ኋላ ገመዱ የጋራዥ በር መጎተቻ እንደነበርና ከ2019 ጀምሮ እዚያ እንደነበር ገለጸ። ታዲያ የገፉት በከንቱ ነው ያሉ ነበሩ። አይመስለኝም። በዚያች ቀን የሚያውቁትን ይዘው ነው የወጡት። ላስ ቬጋስ ላይ ላርሰንን በመምታቱ የታገደው ዋላስም ይኸው ዋላስ ነው።

አትላንታ ላይ ኬሰሎውስኪን በአየር ያበረረው ኤድዋርድስም እንዲሁ ያው ሰው ነው። በ2011 ከቶኒ ስቱዋርት ጋር በእኩል ነጥብ ጨርሶ፣ ስቱዋርት አምስት ጊዜ እሱ አንድ ጊዜ ስላሸነፉ ብቻ ሻምፒዮናውን አጣ። ኖቬምበር 2016 ማያሚ አጠገብ ሆምስቴድ ላይ እንደገና እጁ ገባ። አሥር ዙር ቀርቷል፣ ለሻምፒዮናው ከቀሩት አራት ተፋላሚዎች ፊት ነው። ሎጋኖ፣ አዎ ያው ሎጋኖ፣ በውስጥ በኩል አፍንጫውን አስገባ። ኤድዋርድስ ሊዘጋው ወረደ፣ ተነካኩ፣ ኤድዋርድስ ግድግዳ ገባና ዓመቱ እዚያው አበቃ። ከተሰባበረች መኪናው ወጣ። ወደ ሕክምናው ክፍል ሲሄድ መንገዱን አጠፈና ወደ ሎጋኖ ፒት በእግሩ ሄደ። እዚያ የነበሩት ሰዎች ሲመጣ ሲያዩት ሊደባደብ ነው ብለው ሳይጠብቁ አይቀርም። የሎጋኖን ዋና መካኒክ እጁን ጨበጠና መልካም ዕድል ተመኘላቸው። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ሎጋኖ ማድረግ ያለበትን ነው ያደረገው ሲል ለቴሌቪዥን ተናገረ።

በጃንዋሪ 2017 መንዳት ማቆሙን አስታወቀ። ያ የመጨረሻ ውድድሩ ነበር።